እርማት፦ 4,294,967,297 ፕራይም አይደለም

እህቴ፣ አዳማ ላይ ለምታስጠኛቸው ልጆች ባዘጋጀሽው ወረቀት «በ2፣ በ3፣ በ5 እና በ7 የማይካፈል ቁጥር ሁሉ ፕራይም ነው» ብለሽ 4,294,967,297ን በምሳሌነት ሰጥተሻል። ብዙ ሰው እንደዚህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም። ፕራይም ማለት ከ1 በላይ ሆኖ ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር የማይካፈል ነው፤ ይህ ቁጥር ግን 641 × 6,700,417 ነው፤ በእስክሪብቶ አባዢና እይው! ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ፌርማት እንኳ ፕራይም መስሎት ነበር፤ አካፋዩን እ.ኤ.አ. በ1732 ያገኘው ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነው።

የአራቱ ቁጥሮች ፈተና የሚበቃው ከ121 በታች ብቻ ነው። ምክንያቱም 121 ራሱ 11 × 11 ሆኖ በአራቱም አይካፈልም። ከዚያ በላይ ሲሆን እስከ ቁጥሩ ስኩዌር ሩት (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን እስከሚሰጠው) ያሉትን ፕራይሞች በሙሉ መሞከር ግድ ነው፤ ለአንቺ ምሳሌ እስከ 65,536 ድረስ ማለት ነው። ልጆቹ ሳይሸመድዱት ወረቀቱን አስተካክዪላቸው፣ አደራ።