የኮንዳፓሊ ምስሎች፦ ስሙ በሕግ ተጠበቀ፣ ዛፉስ?

በደቡብ ህንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት፣ ከቪጃያዋዳ ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ኮንዳፓሊ ስሟ የሚነሣው በእንጨት ምስሎቿ ነው። በዝሆን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ፣ የሂንዱው አምላክ የቪሽኑ አሥሩ መገለጦች፣ በበሬ የሚጎተት ጋሪ፣ መጠጥ ሊቀዳ ዘንባባ ላይ የወጣ ገበሬ፣ ሁሉም በእጅ ተጠርበው በደማቅ ቀለም ይዋባሉ። የግዛቱ ቴሉጉ ተናጋሪ ቤተሰቦችም በዳሰራና በሳንክራንቲ በዓላት ምስሎቹን በደረጃ በተሠራ መደርደሪያ ላይ አሰናድተው ለጎረቤትና ለዘመድ ያሳያሉ።

የሙያው ባለቤቶች አርያክሻትሪያ የሚባሉ ሲሆኑ፣ በትውፊታቸው መሠረት አባቶቻቸው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከራጃስታን የመጡ ናቸው። የሚጠርቡት ቴላ ፖኒኪ የተባለውን ነጭ፣ ቀላልና ለስላሳ እንጨት ነው። እንጨቱ እርጥበቱ እስኪወጣ በዝግታ በእሳት ሙቀት ይደርቃል፤ ከዚያም ጭንቅላቱ፣ እጁና እግሩ ለየብቻ በመሮ ይወጣሉ። መገጣጠሚያው ሙጫ የሚዘጋጀው ከሰጋቱራና ከሁመር ዘር ዱቄት ነው፤ በድሬዳዋና በሐረር ለመጠጥ የምናውቀው ያው ሁመር ማለት ነው። ስንጥቁ በዚሁ ሊጥ ተደፍኖ በሞረድ ከለሰለሰ በኋላ ምስሉ ኖራ ይቀባል፤ ቀለሙን የሚያሳርፈው ደግሞ ከፍየል ፀጉር የተሠራ ቀጭን ብሩሽ ነው። የዓይኑ መስመር ትንሽ ከተዛነፈ ፊቱ ሁሉ ስለሚበላሽ፣ ይህን ሥራ በማሽን ፍጥነት መመዘን አግባብ አይደለም።

መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች ምንም አላደረገም ማለት አይቻልም። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የመልክዓ ምድራዊ መለያ ሕግ «ኮንዳፓሊ» የሚለውን ስም ከአስመሳይ ይጠብቃል። ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲም በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ ንግግራቸው ኮንዳፓሊን በአሻንጉሊት ሥራ ከሚታወቁት ከቻናፓትናና ከታንጃቩር ከተሞች ጋር አንሥተዋል። በ2021 መባቻ የአሻንጉሊት የጥራት ደረጃ ግዴታ ሥራ ላይ ሲውል የተመዘገቡ የዕደ ጥበብ ባለሙያዎች ነፃ መደረጋቸውም ተገቢ ውሳኔ ነበር፤ በአንድ ክፍል ቤት የሚሠራ ቤተሰብ የፋብሪካን የምርመራ ወጪ ሊሸከም አይችልምና።

ሆኖም እነዚህ እርምጃዎች ሁሉ የሚደርሱት ምስሉ ገበያ ከወጣ በኋላ ነው። የጠራቢው ችግር የሚጀምረው ግን ከጫካው ነው። ቴላ ፖኒኪ በኮንዳፓሊ ኮረብቶች እየሳሳ ሲሄድ የእንጨቱ ዋጋ ይንራል፣ የባለሙያው ትርፍ ይመነምናል፣ ልጁም መሮውን ትቶ በቪጃያዋዳ ደመወዝ ይፈልጋል። ሌላ እንጨት ይተካ የሚሉ ሰዎች የዚህ ጥበብ ስስ ቅርጽ በእንጨቱ ልስላሴ ላይ የቆመ መሆኑን ልብ ያሉ አይመስለኝም።

ስለዚህ በእኔ እምነት የግዛቱ የደን መሥሪያ ቤት ለቴላ ፖኒኪ የተለየ መሬት ከልሎ፣ ተከላውንና ጥበቃውን ከባለሙያዎቹ ማኅበራት ጋር በጋራ ሊይዝ ይገባል። የደረሰው እንጨትም በጨረታ ለነጋዴ ከሚሄድ ይልቅ፣ በመለያው ተጠቃሚነት ለተመዘገቡ ጠራቢዎች በተወሰነ ዋጋ በቀጥታ ይታደል።