ፋይበሩ ቢሰረቅስ? ይሰረቃ!

ሰሞኑን በአንድ ውይይት ላይ የሀዲድ ዕቃና የኃይል ማስተላለፊያ ምሰሶ ብረት ስርቆት ተነሳ። አንድ ወጣት መሐንዲስ «የተዘረጋውን ፋይበር፣ መረጃ በብርሃን የሚያስተላልፈውን ክር፣ ሌባ እንደሚሰማ ጆሮ እንጠቀምበት» አለ። መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ ፈገግ ብለው «ፋይበሩ ራሱ ቢሰረቅስ?» አሉት። አዳራሹ ሳቀ። የእሳቸው መፍትሔ ተጨማሪ ዘበኛ ነው።

እኔ አልሳቅኩም። ፋይበር መስታወት ነው፣ ቆራሌ አይገዛውም። መዳብ መስሎት የሚቆርጥ ሌባ አይጠፋም፣ እሺ። ይቁረጠው! ጫፍ ላይ ያለው መሣሪያ ብርሃኑ የት ጋ እንደተቋረጠ በሜትር ልክ ይናገራል። የኬብል ጠጋኞች ዛሬም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ሌባው አድራሻውን ትቶልን ሄደ ማለት ነው። ዘበኛ አስሮ የሄደ ሌባ ግን አድራሻ አይተውም።

አስማትም አይደለም። ለማዳመጥ ፋይበሩ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ሳጥን በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ የሌዘር ብልጭታ ይልካል። ከየሜትሩ ጥቂት ብርሃን ተበትኖ ይመለሳል። አንድ ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ 10 ማይክሮ ሰከንድ ይበቃዋል፤ ስለዚህ የተመለሰበት ሰዓት ቦታውን ይነግራል። አጠገቡ ዶማ ሲያርፍ መሬቱ ይርገበገባል፣ ብርሃኑም ይዛባል። ሙቀት ሲጨምርም የሚመለሰው ብርሃን በሌላ መልኩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በ20 ኪሎ ሜትር ኬብል ካርታ ላይ ያልነበሩ ስንጥቆችን አግኝቷል። የባሕር ወለል ስንጥቅ የሰማ ፋይበር የብረት መጋዝ ይሳነዋል?

ደግሞ ይሄ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ቅንጦቱ ምኑ ላይ ነው? መስታወቱ ተዘርግቷል። በብዙዎቹ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመሮች አናት ላይ ያለው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ሆዱ ውስጥ ፋይበር አለው፤ ቴሌዎች ይከራዩታል። አሁን እኮ ምሰሶው መገንደሱን የምንሰማው መብራት ሲጠፋ ነው! ባቡሩ ከሰበታ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ጣቢያ ላይ ሆኖ ግራና ቀኝ 40፣ 40 ኪሎ ሜትር ማዳመጥ ይቻላል። አስር ጣቢያ። በቃ። በዘበኛ ቁጠሩትና ንገሩኝ፤ ቀንና ሌሊት፣ ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ፈቃድ፣ ሕመም።

አዎ፣ ንፋሱ የምሰሶውን ሽቦ ያወዛውዛል። ሚኤሶ ላይ ግመል ሀዲድ በተሻገረ ቁጥር ማንቂያው ሊጮህ ይችላል። ይጩህ! ባቡሩም ግመሉን ቀድሞ ቢያውቅ ማን ይጎዳል?

ዘበኞቹንም አታባርሯቸው። ሞተር ሳይክል ስጧቸው፤ ወዴት እንደሚሮጡ ፋይበሩ ይንገራቸው።