የሐረር መስፍን ጋ ወራጅ

የጎረቤታችን ልጅ ሕክምና ደርሷት ጥቁር አንበሳ ልትገባ መሆኑ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የተሰማ ዕለት፣ እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት ቡና የተጠራን ሰዎች ገና አቦሉ ሳይቀዳ ልጅቷን ረስተን ስለ ሆስፒታሉ ታሪክ ክርክር ገጠምን። በእኛ ብሎክ የሰው ማዕረግ የሚለካው ሆስፒታልን በስንተኛው ስሙ እንደሚጠራ ታይቶ ነውና፣ በዚህ ሚዛን ጡረተኛውን ጋሽ በቀለን የሚያህል የለም።

«የሐረር መስፍን ሆስፒታል በይ እንጂ ልጄ!» ብለው አረሟት። ዋሹ አይባልም፤ ሆስፒታሉ የተሠራው በ1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ለሞቱት ለሐረር መስፍን ለልዑል መኮንን መታሰቢያ ሲሆን፣ ጥቁር አንበሳ የተባለው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። ችግሩ፣ ለጋሽ በቀለ ጦር ኃይሎች ሆስፒታልም እስከ ዛሬ ልዕልት ፀሐይ፣ የካቲት 12ም እስከ ዛሬ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመሆኑ፣ በእርሳቸው ጥቆማ ሐኪም ፍለጋ የወጣ በሽተኛ ሆስፒታሉን ሳያገኘው ይሻለዋል።

ጎንደሬዋ ወይዘሮ አልጋነሽ ይህን ዝም ብለው አላሳለፉም። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ለመቋቋም ገና አሥር ዓመት ይቀረው እንደ ነበር አስታወሱ።

«እሱማ ያኔ ጤና መኮንንና ሳኒቴሪያን እንጂ ዶክተር መች ያስመርቅ ነበር?» አሉ ጋሽ በቀለ።

«ታዲያ ጉድጓዱን የሚያስቆፍር ሳኒቴሪያን ከሌለ፣ ዶክተሩ ስንቱን አክሞ ይዘልቀዋል ብለው ነው?»

በዚያች ሰዓት የብሎካችን የፍሳሽ ጉድጓድ ሞልቶ ሽታው በመስኮት ይገባ ስለ ነበር፣ ነጥቡ ያለ አንዳች ተቃውሞ ለጎንደር ተመዘገበ። አንድ ወጣት የጳውሎሱ ኮሌጅ ሚሊኒየም የተባለው በ2000 ዓ.ም. ሕክምና ማስተማር በመጀመሩ መሆኑን ሊያስረዳ ቢሞክርም፣ ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ ያልቀየረ ኮሌጅ በሽማግሌ ፊት አይነሳም ተብሎ ቁጭ በል ተባለ።

በረካው ሲቀዳ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች። «ለመሆኑ ከዚህ ወደዚያ በየት በኩል ነው የሚኬደው? ስንት ታክሲ ነው የሚያዘው?»

ያ ሁሉ ታሪክ አዋቂ ስኒው ውስጥ አቀረቀረ። ዝምታው ሲረዝም ጋሽ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይህ ምን ያስጨንቅሻል? ረዳቱን ‹የሐረር መስፍን ጋ ወራጅ አለ› ብትዪው ራሱ ያወርድሻል።»