ክርክር፦ የቅሌተኛው ፓርቲ ለምን ዘግይቶ ይነገራል?

ጭብጡ፦ የአሜሪካ ዋና ዋና የዜና አውታሮች ቅሌት ሲዘግቡ የሪፐብሊካኑን ፓርቲ ያጎላሉ፣ የዴሞክራቱን ያድበሰብሳሉ። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦ በአሜሪካ ጋዜጦች ልማድ ከሴናተር ስም ጎን የፓርቲው የመጀመሪያ ፊደልና የግዛቱ ስም ይጻፋል። ቅሌት ሲመጣ ግን ይህች ፊደል ቦታዋን ትለዋውጣለች። በ2007 የአይዳሆው ሴናተር ላሪ ክሬግ ከወንድ ጋር ወሲብ ለመፈጸም ጠይቀዋል ተብለው በሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ መጸዳጃ ቤት መያዛቸው ሲሰማ፣ ሪፐብሊካንነታቸውም አብሮ ተሰማ። በማርች 2008 የኒው ዮርኩ ገዥ ኤልየት ስፒትዘር የሴተኛ አዳሪዎች ደንበኛ እንደነበሩ ተጋልጦ ሥልጣን ሲለቁ ግን፣ ዴሞክራት መሆናቸውን ሳይጠቅሱ ያለፉ የቴሌቪዥን ዜናዎች እንደነበሩ ወግ አጥባቂ ተቺዎች አጥብቀው ተናገሩ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ውሸት አልተነገረም። ነገር ግን አብዛኛው አንባቢ ርዕሱንና ሁለት አንቀጽ አይቶ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ስምንተኛው አንቀጽ ላይ የሰፈረ ፓርቲ ለእሱ አልተጻፈም፤ አዘጋጁም ይህን ያውቃል።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ የሚቆጥሩት የጎደለውን ብቻ ነው። የኒው ጀርሲው ዴሞክራት ሴናተር ቦብ ሜኔንዴዝ ቤት ሲፈተሽ የወርቅ ጡብና ከ480,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ተገኘ፤ ከፊሉ ስማቸው በተጠለፈባቸው ጃኬቶች ኪስ ተወሽቆ ነበር። በ2023 በጉቦ ሲከሰሱ ትልቁ መነጋገሪያ ዴሞክራቶች ይልቀቁ ይሏቸው እንደሆነ ነበር። ይህ መደበቅ ነው? ደግሞስ ወግ አጥባቂው ፎክስ ኒውስ ቅሌታቸው ሲወራ በ2006 የፍሎሪዳውን የምክር ቤት አባል ማርክ ፎሊን፣ በ2009 የደቡብ ካሮላይናውን ገዥ ማርክ ሳንፎርድን፣ ሁለቱንም ሪፐብሊካኖች፣ ዴሞክራት ብሎ በቴሌቪዥን ማያው ላይ አልጻፈም? የከተማ ዜና ደግሞ ሌላ ነው፤ በዲትሮይት ከተማ ለምሳሌ ከንቲባ ሲመረጥ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ፓርቲ አይሰፍርም፤ ስለዚህ የከንቲባ ቅሌት ዜና ፓርቲ ባይጠቅስ አይገርምም።

ደጋፊ፦ ሲኤንኤንም በ2019 የቨርጂንያውን ዴሞክራት ገዥ ራልፍ ኖርዝሃምን በቀድሞ የትምህርት ቤት መጽሐፋቸው ገጽ ላይ በተገኘው ዘረኛ ፎቶግራፍ ቅሌት ሰሞን ሪፐብሊካን ብሎ ጽፏል። እንዲህ ያለው ስሕተት ሁሉም ስለሚያየው ይታረማል፤ የተተወውን ግን ማን ያርመዋል? እህቴ፣ እኔ የምኖረው እዚያው ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። እዚህ ተወልዶ ላደገ ሰው ገዥው የየትኛው ፓርቲ እንደሆነ መንገር ላያስፈልግ ይችላል። ዜግነት በቅርብ ያገኘው፣ ከሥራ መልስ ዜና የሚሰማው ሐበሻ ግን ድምፁን ለመስጠት የሚይዘው ፍንጭ ያቺው ፊደል ናት። እሷን መንፈግ እሱን መበደል ነው።

ተቃዋሚ፦ ለአዲሱ መራጭ ያለዎት ተቆርቋሪነት የእኔም ነው። ነገር ግን ያቺ ፊደል በመጀመሪያው መስመር ስትገባ የአንድ ሰው ጥፋት የሚሊዮኖች ይሆናል። የሜኔንዴዝ ጉዳይ የሥልጣን ሽያጭ ስለሆነ ፓርቲው ይጠየቅ። ስፒትዘር ግን ያዋረዱት ራሳቸውንና ቤታቸውን ነው።

ደጋፊ፦ ታዲያ ክሬግስ?

ተቃዋሚ፦ ክሬግ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕገ መንግሥት ለመከልከል በ2006 ድምፅ ሰጥተዋል። ግብዝነታቸው የሕዝብ ጉዳይ ነበር።

ደጋፊ፦ ስፒትዘርም ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሳሉ የሴተኛ አዳሪ ደላሎችን ከሰዋል፤ ገዥ ሆነውም በደንበኞቹ ላይ ቅጣት የሚያጠብቅ ሕግ ፈርመዋል። ግብዝነት መለኪያው ከሆነ ለሁለቱም ፊደሉ በመጀመሪያው መስመር ይግባ።

ተቃዋሚ፦ ወንጀለኛን መክሰስ የማንኛውም ዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። የጋብቻው ክልከላ ግን በ2004 የሪፐብሊካኖች የፓርቲ መርሐ ግብር ውስጥ ተጽፎ ነበር። በክሬግ ዜና ላይ ፓርቲውን ያመጣው ጋዜጠኛው ሳይሆን ፓርቲው ራሱ ነው።