ወተትሽ አልበቃውም ከማለታችሁ በፊት

አራስ ጥየቃ የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ እናትና ልጅ የምትቀበሉ የሙያ ባልደረቦቼም፣ ዛሬ ሁላችሁንም በአንድ ላይ ልወቅሳችሁ ነው። ቦታችሁ ቢለያይም ጥፋታችሁ አንድ ነው፤ ሳታዩ ትፈርዳላችሁ።

ከጠያቂዎቹ ልጀምር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላችሁ ትገባላችሁ። ገንፎው ይቀርባል፣ ቅቤና በርበሬው ይጨመርበታል፣ ወሬው ይደራል። ይሄኔ ሕፃኑ ያለቅሳል። አንዷ ማንኪያዋን ሳታስቀምጥ «ኧረ ይሄ ልጅ አልጠገበም!» ትላለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ጡቷም እኮ ምንም አልሞላ» ትላለች። ሦስተኛዋ ልጇን በላም ወተት እንዴት እንዳሳደገች ማውራት ትጀምራለች። አራሷ ሁሉንም ትሰማለች። ከወለደች ገና አራተኛ ቀኗ ነው፤ ስፌቷ አልደረቀም፣ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ እናንተ ደግሞ የሷን ገንፎ እየበላችሁ ወተት የላትም ብላችሁ ፈረዳችሁባት። ስትወጡ ባልየው ጡጦ ሊገዛ ይላካል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ጡት ወተት የሚሠራው በተጠባው ልክ ነው። ልጁ ሲጠባ የእናቲቱ አንጎል ወተት የሚያሠራውንና ወተት የሚያወርደውን ሆርሞን ይለቃል፤ ሳይጠባ ተወጥሮ የሚቆይ ጡት ግን ማምረቱን ይቀንሳል። በጡጦ የጠገበ ሕፃን ለሰዓታት ይተኛል፤ ጡቱ በዚያ ሰዓት ሥራ ይፈታል። ነገም ይደገማል። ከሳምንት በኋላ ወተቱ እውነትም ያንሳል፤ እናንተም «ብለን ነበር» ትላላችሁ። የለም፣ ያደረቃችሁት እናንተው ናችሁ።

ልጅ በረሃብ ብቻ አያለቅስም። በሙቀት፣ በብርድ፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ ሲደክመው፣ እቅፍ ሲፈልግ ያለቅሳል፤ ማምሻ ላይ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት የሚያለቅስ ሕፃን ሞልቷል። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም የምንለው ለአዋቂ ጉዳይ ይሁን። ሕፃን ሲርበው ቀድሞ ራሱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፣ ከንፈሩን ያልሳል፤ ለቅሶው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ሲጠባ የሚያገኘው ጥቂት የሻይ ማንኪያ እንገር ነው፤ ሆዱም የሚፈልገው ያንኑ ነው። ወፍራምና ቢጫ ስለሆነ «የቆየ ነው» እየተባለ የሚታለበውና የሚደፋው ይኸው እንገር ልጁን ከበሽታ የሚከላከልለትን ነገር የያዘ ነው። ዋናው ወተት የሚሞላው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን «ጡቷ አልሞላም» ማለት ትርጉም የለውም።

መጥገቡን ማወቅ ከፈለጋችሁ ጨርቁን ቁጠሩ። ከአምስተኛው ቀን ወዲህ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና፣ ሰገራው ወደ ቢጫ የተለወጠ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተወለደበትን ክብደት የመለሰ ልጅ ጠግቧል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መክሳቱ ያለ ነው። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባቱም ያለ ነው፤ «አሁን ጠብቶ አሁን ደገመ» ብላችሁ አትደንግጡ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ባልደረቦቼ። የጎረቤት ወይዘሮ ባታውቅ አይፈረድባትም፤ እናንተ ግን ተምራችኋል።

ክፍሉን ታውቁታላችሁ። እናት ልጇን በፎጣ ጠቅልላ ትገባለች። «አልጠግብ አለኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ» ትላለች። ባለሙያው ከካርዱ ላይ ዓይኑን አያነሳም። «ስንተኛ ልጅሽ ነው?» «የመጀመሪያዬ።» «በቃ እናት፣ እስኪለምድ ወተት ጨምሪለት።» «የትኛውን?» ብጣሽ ወረቀት ላይ የአንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ስም ይጻፍላታል። ከገባች እስክትወጣ የልጁን አፍ ያየ የለም። የጡቷ ጫፍ መሰንጠቁን፣ ልጁ በያዘ ቁጥር ጥርሷን ነክሳ እንደምታጠባው የጠየቃት የለም። ሳል ይዞት ለመጣ ሰው ደረቱን ሳታዳምጡ መድኃኒት ትጽፋላችሁ?

አጠባብ ማየት ትልቅ ጥበብ አይደለም። ልጁን ጡት አስይዛ አፉን ተመልከቱ። አፉ በሰፊው ተከፍቷል? አገጩ ጡቷን ነክቷል? የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል? በጡት ጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክፍል ከታች ይልቅ ከላይ በብዛት ይታያል? ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ልጁ ጫፉን ብቻ እያኘከ ነው፤ እሷ ትቆስላለች፣ እሱ ይራባል። ታናሽ ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ ታላቅቀው። የልጁን ሆድ ከሆዷ ጋር አግጥማ፣ አፉን እስኪከፍት ጠብቃ፣ ጡቱን ወደ ልጁ ከመጎተት ይልቅ ልጁን ወደ ጡቱ ታምጣው። ከዚያ ዝም ብላችሁ አድምጡ፤ ጉንጩ ሳይሰረጉድ ሳብ ሳብ እያደረገ ሲውጥ ይሰማችኋል። ብዙ ጊዜ «ወተት የለኝም» የሚለው ጉዳይ እዚሁ ያልቃል። ካላለቀ መዝኑት፣ ከሁለት ቀን በኋላ መልሳችሁ መዝኑት።

ሌላም አለባችሁ። ጡቷ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትኩሳት ይዟት የመጣችውን «ማጥባት አቁሚ» ትሏታላችሁ። ማቆም ያባብሳል፤ ማጥባቷን ትቀጥል፣ መድኃኒት ካስፈለጋትም ከማጥባት ጋር የሚሄድ አለ። አንቲባዮቲክ ጀመረች ተብሎ ልጅ ጡት የሚከለከልበት ምክንያት ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናትም መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች፣ የልጁንም መድኃኒት ሳታቋርጥ ማጥባት እንደምትችል መመሪያው ከተለወጠ ቆይቷል፤ አንዳንዶቻችሁ ግን አሁንም የዱሮውን ትነግሯታላችሁ።

ነገሩ የሚያንገበግበኝ አገራችን ማጥባት የማታውቅ ስላልሆነች ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከሕፃናት 73 በመቶው በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይዘዋል። መጀመር አልቸገረንም። ያቃተን ጡት ብቻ እያጠቡ እስከ ስድስት ወር መዝለቅ ነው። በዚያው ጥናት ጡት ብቻ የሚጠቡት ሁለት ወር ካልሞላቸው 74 በመቶ ነበሩ፤ በአራትና በአምስት ወር ዕድሜ ላይ ያሉት ግን 36 በመቶ ብቻ። ስድስት ወር ሳይሞላ ውሃው፣ አብሹ፣ የላም ወተቱ ገባ ማለት ነው። «አገሩ ቆላ ነው፣ ውሃ ይጠማዋል» የምትሉ፣ የእናት ወተት ከመቶ 88 እጁ ያህል ውሃ ነው፤ ጎዴም ሆነ ሠመራ ልጁ ሌላ ውሃ አይፈልግም። ተቅማጡን የሚያመጣበት ያ የጨመራችሁለት ውሃ ነው። የዱቄት ወተቱ ደግሞ ውድ ነው፤ ጣሳው እስከ ወር መጨረሻ እንዲደርስ ተብሎ በውሃ ይቀጥናል፣ ልጁም ሆዱ እየተነፋ ሰውነቱ ይከሳል።

እውነቱን ለመናገር ወተቷ በርግጥ የማይበቃ እናት አለች። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ የጡት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት፣ ሁሉን ሞክራ የልጇ ክብደት አልጨምር ያለ። ለእሷ የዱቄት ወተቱ ሕክምና ነው፤ አመጣጠኑንና የጡጦውን ንጽህና ተቀምጣችሁ አሳዩአት። በኩባያ መስጠት ለማጽዳት ስለሚቀል እሱንም አስተምሯት። ደግሞ አትሳቁባት፤ «እኛስ አጥብተን አይደል ያሳደግነው» የምትል ሴት ከአጠገቧ ትራቅላት።

አሠሪዎችም አላችሁ። ሕጉ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቀደ፤ ስድስት ወሩ በዚያ አይሞላም። አብዛኛዋ የአገሬ እናት ደመወዝተኛ ስላልሆነች ሁሉን በእናንተ አላሳብብም። ግን ቢሮአችሁ ያለችው እናት ወተቷን የምታልበው መጸዳጃ ቤት ቆማ ነው። በር የሚቆለፍበት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ወንበርና ማቀዝቀዣ ማዘጋጀት ምን ያህል ያከስራችኋል? የታለበ ወተት ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል።

የመጨረሻው ለጤና ተቋም ኃላፊዎች ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 ባጸደቀው ደንብ የዱቄት ወተት አምራቾች ለእናቶች ናሙና እንዳያድሉ፣ ሸቀጣቸውን በጤና ተቋማት እንዳያስተዋውቁ፣ ባለሙያውን በስጦታ እንዳያባብሉ ተብሏል። እስቲ የማዋለጃ ክፍላችሁን ግድግዳ ዞር ብላችሁ እዩ። የጣሳ ሥዕል ያለበት ካሌንደር፣ ሰዓት ወይም የቁመት መለኪያ ከተሰቀለ ዛሬውኑ አውርዱት። እስክሪብቶውንም መልሱ፤ እስክሪብቶ መግዣ አላጣችሁም።