ካፌው ይከፈት፣ ኪራዩስ?

ወንድሜ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ ግን «ብራንድ ካፌ ሰፈር ውስጥ ቅርንጫፍ ሲከፍት መንገዱን ያነቃቃዋል» ያልከው ላይ አልስማማም፣ ማንን ነው ሚያነቃቃው? እኛ ሰፈር አንዱ ከገባ ወዲህ መጀመሪያ የነቃው አከራይ ነው 😂 ጎን ያለው ልብስ ሰፊ «ካፌው ይሄን ያህል እየከፈለ አንተ በድሮው ዋጋ?» እየተባለ መቀመጫ አጣ።

ብራንድ ጠል ነህ እንዳትሉኝ ደሞ። ቶሞካ እኮ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ስንቱን ፒያሳ ላይ በቁሙ ቡና ያጠጣ ቤት ነው፣ ካልዲስ ካፌም እ.ኤ.አ. በ2004 ሲከፈት አረንጓዴ ክብ ሎጎውን አይተው የአሜሪካውን ስታርባክስን ኮረጀ ምናምን ተባለ፣ ይባል! ስታርባክስ ራሱ እኮ የሲዳሞና የሐረር ቡና ስም ላይ ከኛ መንግሥት ጋ ተጨቃጭቆ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የተስማማው፣ እና የኛ ሰው ቀድሞ አዲሳባን መያዙ ለኔ አሪፍ ነው።

ጀበና ቡና ምታፈላዋንም ደንበኛ ይወስድባታል ብዬ አላስብም፣ ላፕቶፑን ይዞ ዋይፋይ ሚፈልገው ሰውዬና በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ጤናዳም አስጨምሮ ሚጠጣው አንድ አይደሉም (አንዳንዴ አንድ ነን፣ ደሞዝ ሲያልቅ)። ችግሩ ቦታዋ ነው። ከሱቁ በረንዳ ላይ ረከቦቷን ዘርግታ ነበር ምትሰራው፣ ሱቁ ለሌላ ሲከራይ በረንዳውም አብሮ ሄደ፣ አሁን ውስጥ ቅያስ ገብታ ማን ያያታል? አንተ ለጽሑፍህ ባለካፌውን አናግረሃል፣ ማኪያቶ ጠጪዎቹን አናግረሃል፣ እሷንና አከራዮቹን ለምን አልጠየቅክም?