አባ ገስግስ

የፈረስ ስም የፈረሱ ነው፤ የሚጠራበት ግን ጌታው ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። አብዛኛው ትእዛዝ ነው፤ ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ጠቅል። አባ ሣር አጭድ የተባለ እስካሁን አልተሰማም፤ ስም አውጪው ፈረሱ ራሱ ቢሆን ግን መጀመሪያ የሚመርጠው ይሄንን ነበር።

መኳንንቱም ቢሆኑ ረጅሙን መንገድ የሚሄዱት በሰጋር በቅሎ ነበር። ፈረሱ እየተሳበ ይከተልና ውጊያው ሲቃረብ ይጫናል። ወገብ የምታሳርፈው እሷ፣ ስም የሚያገኘው እሱ። አባትሽ ማነው ሲሏት «እናቴ ፈረስ ናት» ማለቷ አይፈረድባትም።

ፈረስ ዛሬም የክብር ነገር መሆኑን ማየት የፈለገ ጥር 23 እንጅባራ ይሂድ፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ሜዳውን ይሞላዋል። ከዚያ ያሉት አዛውንት ፈረስ ያውቃሉ። ወጋችን በየአገሩ ስላለው የአንድ ቀን ፈረሰኛ ነው።

የአንድ ቀን ፈረሰኛ ፈረሱ ትዝ የሚለው በበዓሉ ዋዜማ ማታ ነው። ዓመቱን በገለባ ለከረመ እንስሳ አንድ ቁና ገብስ ይገለብጥለታል። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ እህል በድንገት ሲበዛበት ወይ ሆዱን ይነፋዋል፣ ወይ ሰኮናው ግሎ ያነክሳል። 300 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ወይም 6 ኪሎ ደረቅ ሣር ይበቃዋል፤ ገብሱ ከእፍኝ ተነሥቶ በ10 ቀን ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመራል። ለዚህ ግን ከበዓሉ 10 ቀን በፊት ፈረስ እንዳለው ማስታወስ ሊኖርበት ነው።

ጠዋት ማስጌጥ ይጀመራል። ቀይ ግላስ (የኮርቻ ልብስ)፣ የሚያብረቀርቅ ልጓም፣ ከላይ ሌላ ጌጥ። ከኮርቻው ሥር ያለው ጨርቅ መጨማደዱን የሚያይ የለም፤ ፎቶ ላይ አይወጣማ! ጀርባ የሚላጠው ግን በዚያች ጭምድ ነው። ኮርቻ ወደ ትከሻው ቀረብ ተደርጎ ይቀመጥና ጠጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በሆዱ ሥር የሚያልፈው ጠፍር ሲጠብቅ ፈረሱ ሆዱን ነፍቶ ይጠብቃል (ተንኮል የሰው ብቻ አይደለም)፤ ጥቂት አራምዶ ዳግም ማጥበቅ ነው። ሁለት ጣት ካላስገባ ጠብቋል፤ እጅ ከነመዳፉ ካስገባ ጉግሱ መሐል ፈረሰኛው ከነጋሻው ከፈረሱ ሆድ ሥር ይገኛል።

አባቶች በባዶ እግር አውራ ጣታቸውን ብቻ እርካብ ውስጥ ያስገቡ ነበር፤ ቢወድቁ ይወድቃሉ እንጂ አይጎተቱም። የእኛው ሰው በዚያው ጠባብ እርካብ እግሩን ከነቡትሱ ይወትፋል።

ሜዳ ሲገባ ዛቡን፣ የልጓሙን ማሰሪያ፣ ባለ በሌለ ጉልበቱ ይስባል። ፈረሱ አንገቱን ወደ ሰማይ ይሰቅላል፣ አፉን ይከፍታል፣ አረፋ ይደፍቃል። ተመልካቹ «ወኔ!» ይላል። ኧረ መንጋጋው ነው! አዋቂ ፈረሰኛ ዛቡን አላልቶ በጭኑና በወገቡ ያዛል፤ ፈረሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ እሺ ይላል። እሺ ለሚል ፈረስ ግን እልል የሚል የለም።

ከግልቢያ በኋላ ትንፋሹ እስኪረጋ 15 ደቂቃ ያህል በእርምጃ ማዞር፣ ከዚያ ማራገፍ፣ ውሃ ማጠጣት ነበር። ጌታው ግን ድግሱ ቤት ገብቶ ሦስተኛውን ብርሌ ይዟል። እዚያው ለራሱ ስም አውጥቷል፤ «አባ ገስግስ!» ገስግስ ደጅ፣ ዛፍ ሥር፣ ኮርቻውን እንደተጫነ ነው።